አሜሪካ አዲስ ለገባ ሰው፦ ያገለገለ ዱዋል ስፖርት ወይም ሱፐርሞቶ ሞተር ሳይክል እንዴት ይመረጣል?

ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂኒያ ከሚሄዱ ወገኖች መካከል እዚህ አዲስ አበባ ሞተር ሳይክል ሲነዱ የኖሩ ጥቂት አይደሉም። በተለይ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ላይ የአዲስ አበባ አስተዳደር ያለ ልዩ ፈቃድ በሞተር ሳይክል መንቀሳቀስን ከከለከለ ወዲህ፣ ሞተሩን ሸጦ ናፍቆቱን ይዞ የሄደ ሰው እዚያ እንደደረሰ ቀላልና ነዳጅ ቆጣቢ የሆነ ያገለገለ ሞተር፣ ማለትም ለአስፋልትም ለጠጠርም የተሠራውን ዱዋል ስፖርት ወይም ለአስፋልት የተስተካከለውን ወንድሙን ሱፐርሞቶ መፈለጉ አይቀርም። ለእንዲህ ያለው ሰው ከፒያሳ ሆኜ ይህን ምክር ስጽፍ አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር አለ። የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ድምፁን ሰምቶ ጤነኛውን ሞተር ከበሽተኛው መለየት ብዙም አይቸግረውም፤ እዚያ ገዢውን ለኪሳራ የሚዳርገው ግን ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ከወረቀቱ ይጀምሩ፣ ቀጥሎ የራስዎን ቁመትና የሚሄዱበትን መንገድ ያስቡ፣ ሞተሩን ማስነሣት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እዚህ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም እንዳለ በውክልና የሚሸጥ ተሽከርካሪ የተለመደ ነው፤ ስም ማዛወሩም ዛሬ ነገ እየተባለ ይቆያል። በአሜሪካ የሊብሬውን ቦታ የያዘው ታይትል የሚባለው የባለቤትነት ሰነድ ሲሆን፣ ሻጩ ስሙ በሰነዱ ላይ የሰፈረ ሰው መሆኑን መታወቂያውን አይተው ማረጋገጥና በፊትዎ እንዲፈርም ማድረግ ይኖርብዎታል። የቀድሞው ባለቤት ፈርሞ የሰጠውን ታይትል በራሱ ስም ሳያዞር መልሶ የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥምዎ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። በመሪው አንገት ላይ የተመታውን ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሻንሲ ቁጥር ከታይትሉ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ ተፍቆ ወይም ተቀብቶ ካገኙት ወደ ቤትዎ ይመለሱ። ይኸው ቁጥር የተሰረቀ ወይም በኢንሹራንስ ድርጅት ከጥቅም ውጭ ተብሎ የተመዘገበ መሆኑን የአገሪቱ ብሔራዊ የኢንሹራንስ ወንጀል ቢሮ በነጻ የማጣሪያ አገልግሎቱ ያሳያል። ታይትሉ ላይ ሳልቬጅ (ከጥቅም ውጭ የተባለ) የሚል ቃል ካለ፣ ወይም ሞተሩ የተገዛበት የባንክ ብድር ተከፍሎ አለማለቁ ከተገለጸ፣ በዚያ ዋጋ መደራደሩ ራሱ ትርጉም የለውም።

በዚህ ዘርፍ ከሁሉ የባሰው ወጥመድ ለውድድር ወይም ለጫካ ብቻ የተሠራ ሞተር ነው። መልኩ ከዱዋል ስፖርት አይለይም፣ ክብደቱም ቀለል ይላል፤ ሻጩም መብራትና መስታወት ገጥሞ «ሰሌዳ ማውጣት ቀላል ነው» ይልዎታል። ይሁን እንጂ ከፋብሪካ ሲወጣ ለመንገድ ያልተፈቀደ ሞተርን ብዙ ግዛቶች ጨርሶ አይመዘግቡም፣ የሚመዘግቡትም በራሳቸው ጥብቅ መስፈርት ነው። ስለዚህ ታይትሉ ላይ ከመንገድ ውጭ ለሚደረግ ጉዞ ብቻ የሚል ነገር የሌለበትንና አስቀድሞም በሰሌዳ ሲነዳ የኖረውን ይምረጡ።

ስለ መንጃ ፈቃድ በአጭሩ ለመናገር፣ ለሞተር ሳይክል ኤም የሚባለው ምድብ ያስፈልጋል። በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ዕውቅና ያለውን የጀማሪዎች ሥልጠና የጨረሰ ሰው የመንዳት ፈተናውን በዚያው ስለሚያልፍ፣ ልምድ ቢኖርዎትም ኮርሱን ይውሰዱ። በሁለቱም ግዛቶችና በዲሲ ሄልሜት ግዴታ ነው። ያገለገለ ሞተር ይገዛል እንጂ ያገለገለ ሄልሜት አይገዛም፤ ወድቆ የሚያውቅ ሄልሜት ጉዳቱ ከውጭ ላይታይ ይችላልና።

ወደ ምርጫው ስንመጣ መጀመሪያ የሚለካው የመቀመጫው ከፍታ ነው። እነዚህ ሞተሮች ረጃጅም ናቸው፤ የያማሃው ደብሊውአር 250አር 930 ሚሊ ሜትር፣ የሱዙኪው ዲአርዜድ 400ኤስ 935 ሚሊ ሜትር፣ የሆንዳው ሲአርኤፍ 250ኤል ደግሞ 875 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የያማሃው ኤክስቲ 250 ግን 810 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ቁመቱ መካከለኛ የሆነ ሰው ሁለት እግሩን መሬት አስረግጦ ይቆምበታል። ቢያንስ የሁለቱም እግሮችዎ የፊት መዳፍ መሬት ካልነካ፣ መብራት ላይ ዳገት ሲይዝዎ ሞተሩ ሲወድቅ ማየትዎ የማይቀር ነው። ዝቅ ያለ መቀመጫ መግጠም ይቻላል፤ ሻጩ ግን የኋላ አሞርዛተሩን ማያያዣ ቀይሮ ሞተሩን ያወረደው ከሆነ የጎን መቆሚያውም አብሮ ማጠሩን ይመልከቱ፤ አለዚያ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በትንሽ ነፋስ ይገለበጣል።

ቀጥሎ መንገዱ ነው። ዋሽንግተንን የሚከበው ቤልትዌይ የተፈቀደው ፍጥነት በአብዛኛው 55 ማይል፣ ማለትም በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ቢሆንም፣ መኪናው ሁሉ ከዚያ በላይ ይበራል። 196 ሲሲ የሆነው የያማሃው ቲደብሊው 200 በከተማ ውስጥና በጠጠር መንገድ እጅግ የሚወደድ ቢሆንም በዚህ መንገድ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ 250 ሲሲ ያላቸው ይወጡታል፣ የሱዙኪው 398 ሲሲ ሞተር ደግሞ ትርፍ ጉልበት አለው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ በካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የቸርችልን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሲታገል የለመዱት ዓይነት ሞተር እዚያ ከባሕር ጠለል አቅራቢያ ሲነዱት ጋዙ ፈጥኖ ስለሚመልስ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጅዎን ቆጠብ ያድርጉ።

ዱዋል ስፖርት ከፊት 21፣ ከኋላ 18 ኢንች ቸርኬ ይዞ ጉድጓድንና ጠጠርን በሚገባ ይሻገራል። ሱፐርሞቶ ደግሞ ያው ሞተር ሆኖ ሁለቱም ጎማ ወደ 17 ኢንች ሲወርድ፣ የአስፋልት ጎማና ብዙውን ጊዜ ሰፋ ያለ የፊት ፍሬን ዲስክ ሲታከልበት ነው፤ የካዋሳኪው ኬኤልኤክስ 250ኤስኤፍ፣ የያማሃው ደብሊውአር 250ኤክስና የሱዙኪው ዲአርዜድ 400ኤስኤም በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ በቨርጂኒያ ተራራማ ደን ውስጥ ያሉትን የጠጠር መንገዶች ማየት ለሚፈልግ የመጀመሪያው፣ ከዲሲ አጠገብ ካለችው የሜሪላንድ ከተማ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሥራ ለሚመላለስ ሰው ሁለተኛው ይሻላል። የእኔ ምርጫ ለአዲስ ገቢ ዱዋል ስፖርቱ ነው፤ ጎማውን የአስፋልት አድርጎ በከተማ መንዳት ይቻላል፣ ያገለገለ ሱፐርሞቶ ግን ብዙ ጊዜ የፊት ጎማውን አንሥቶ ሲጋልብ ከኖረ ወጣት እጅ ይመጣል። ይህን የሚያጋልጡት ምልክቶች የሰሌዳው ማሰሪያ መታጠፍ፣ የኋላ ፓራፋንጎው መፋቅ፣ የእግር መርገጫዎቹ ጫፍና የመሪው ዳር መላላጥ ናቸው። የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ መሪውን ከዳር እስከ ዳር በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ያዙሩት፤ መሃል ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የመቀመጥ ያህል ከተሰማዎት የመሪው አንገት ኩሽኔታ ተበልቷል።

ለማየት ሲሄዱ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይንገሩት፤ እንደደረሱም የሞተሩን ጎን በእጅዎ ዳስሰው ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጡ። በአሜሪካ የብርድ ወራት ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ የካርቡሬተር ሞተር፣ እዚያ ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው ኢታኖል ሲቆይ ቀጫጭኖቹን የነዳጅ ቀዳዳዎች ስለሚደፍን፣ ቾኩ ሲሳብ ሠርቶ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚጠፋ ከሆነ ቢያንስ የካርቡሬተር እጥበት ዋጋ ይቀነስልዎ። ሲአርኤፍ 250ኤልና ደብሊውአር 250አር ነዳጅ በኢንጀክሽን ስለሚወስዱ ከዚህ ጣጣ በእጅጉ ይድናሉ፤ ኤክስቲ 250ም ከ2013 እ.ኤ.አ. ሥሪት ጀምሮ እንዲሁ ነው። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነውና ይተዉት። የሱዙኪውን ዲአርዜድ 400 የሚገዙ ከሆነ የውስጥ ካቴናው መወጠሪያ በእጅ በሚስተካከል ተቀይሮ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከፋብሪካ የሚመጣው ራሱን የሚወጥር ዓይነት በዚህ ሞተር ላይ እንደሚበላሽ ባለቤቶቹ በሰፊው ያውቃሉ።

ከዚያ የፊት አሞርዛተሩን ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ይጫኑና ብረቱ ላይ የዘይት ቀለበት መቅረቱን ይዩ። የውጭውን ካቴና ከኋላው ጥርስ ላይ ወደ ኋላ ሲስቡት የጥርሱ ግማሽ ከታየ፣ ካቴናውም ጥርሶቹም አብረው መቀየር አለባቸው። ጎማው ጥለት ቢኖረውም በጎኑ ከተጻፉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ስለሚናገሩ፣ 2316 የሚል ካዩ ጎማው በ2016 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነውና የሁለት አዲስ ጎማዎችን ዋጋ ከሒሳቡ ያስወጡ። እዚያ እንደ ሶማሌ ተራ ዞሮ ያገለገለ ዕቃ ለቅሞ መምጣት የለም፤ ዕቃው ይታዘዛል፣ የመካኒኩም የሰዓት ክፍያ ከባድ ነው። በዚህ ምክንያት ማርሚታውና የአየር ፊልትሮ ሣጥኑ እንደ ፋብሪካው የሆነ፣ የጥገና ደረሰኝ ያለው ሞተር ብዙ ጌጥ ከተጨመረበት ይበልጣል።

ከተስማሙ በኋላ ሞተሩን እየነዱ ወደ ቤት እሄዳለሁ ብለው አያስቡ። እዚህ ሰሌዳው ከተሽከርካሪው ጋር ይሸጣል፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግን ሰሌዳው የሻጩ ስለሆነ ፈትቶ ይወስደዋል። ፒክአፕ ያለው ወዳጅ ይለምኑ፣ ሁለት ጠንካራ ማሰሪያ ከመሪው ግራና ቀኝ አስረው የፊት አሞርዛተሩ ጥቂት እስኪጨመቅ ድረስ ያጥብቁት፣ ኢንሹራንሱንም በዚያው ቀን በስልክ ይግቡ። ሜሪላንድ ያገለገለ ሞተር በገዢው ስም ከመዞሩ በፊት የቴክኒክ ምርመራ ስለምትጠይቅ፣ መብራቱን፣ የፍሬን ሸራውንና ጎማውን ከምርመራው ቀን በፊት አስተካክለው ይውሰዱት።