ስፓይና ቢፊዳ ያለበት ሕፃን ሻንት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ስፓይና ቢፊዳ፣ ማለትም በማሕፀን ሳለ የጀርባ አጥንቱ በደንብ ሳይዘጋ የቀረበት ችግር፣ ኖሮበት የተወለደ ሕፃን ጀርባው በቀዶ ሕክምና ከተዘጋለት በኋላ ወላጆቹ ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚሰሙት ስለ ሻንት፣ ማለትም በአንጎል የተጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ሆድ ስለሚያወርደው ቱቦ ነው። አንዳንዱ ወላጅ ይህን ገና ሲሰማ «የልጄ ጭንቅላት ሊበሳ ነው» ብሎ ሕፃኑን ከሆስፒታል ይዞ ለመውጣት ይነሣል፤ ሌላው ደግሞ ቬንትሪክሎቹ፣ ማለትም በአንጎሉ ውስጥ ያሉት የፈሳሽ ቦታዎች፣ ሰፍተዋል የሚል የምርመራ ውጤት በእጁ ስለገባ ብቻ ዛሬውኑ ካልተሠራለት ብሎ እንቅልፍ ያጣል። የሁለቱም ጭንቀት የሚያስወቅስ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ለውሳኔው መነሻ ሊሆኑ አይገባም። ውሳኔውን የሚሰጠው የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ነው፤ ነገር ግን አስቸኳይ ምልክት ካልታየ በቀር ሐኪሙ የሚወስነው በአንድ ቀን ምርመራ ሳይሆን በተከታታይ ቀናትና ሳምንታት በሚያየው ለውጥ ነው፤ ይህን ለውጥ በትክክል ሊመዘግብለት የሚችለውም ሕፃኑን በየቀኑ የሚያቅፈው ሰው ነው።

በመጀመሪያ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በአንጎል ውስጥ ቬንትሪክል የሚባሉ ክፍት ቦታዎች አሉ፤ በእነዚህ ቦታዎች ፈሳሽ ዘወትር ይመነጫል፣ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ይዘዋወራል፣ ከዚያም ወደ ደም ተመልሶ ይገባል። ማይሎሜኒንጎሲል በሚባለው ክፍት የስፓይና ቢፊዳ ዓይነት የተወለዱ ሕፃናት ላይ የኋለኛው የአንጎል ክፍል ወደ አንገት ወርዶ ስለሚገኝ፣ ሐኪሞች ኪያሪ ሁለት የሚሉት ይህ ሁኔታ የፈሳሹን መተላለፊያ ያጠበዋል። ጀርባው ገና ሳይዘጋ ፈሳሹ በቁስሉ በኩል ሊወጣ ስለሚችል፣ ሕፃኑ ሲወለድ ጭንቅላቱ ልከኛ ወይም ከልኩ ያነሰ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጀርባው ሲዘጋ ግን ያ መውጫ አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ሲወለድ ምንም ያልታየበት ሕፃን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ጭንቅላቱ በፍጥነት ማደግ ቢጀምር ቀዶ ሕክምናው ያመጣው ጥፋት አይደለም፤ ተሸፍኖ የነበረው ችግር መገለጡ ነው።

ሻንት ማለት ከቬንትሪክል ተነሥቶ ከቆዳ ሥር በአንገትና በደረት በኩል አልፎ ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ነው፤ የፈሳሹን አወራረድ የሚቆጣጠር ቫልቭ አለው። የአንጎልን ግፊት ይቀንሳል፣ ዓይንን ከጉዳት ይጠብቃል፣ ሕይወትንም ያተርፋል። ሆኖም ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ክትትል የሚጠይቅ ነገር ነው፤ በሕፃናት ላይ ከሚገቡት ሻንቶች ከሦስቱ አንዱ ያህል በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ተዘግቶ ወይም በሌላ ምክንያት ሥራውን አቁሞ ዳግም ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ ኢንፌክሽን ሊፈጥር ይችላል። ያለ በቂ ምክንያት ሻንት ማስገባት ጉዳት የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው፤ በቂ ምክንያት እያለ ማዘግየትም ከዚያ የማያንስ ጉዳት ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ማይሎሜኒንጎሲል ካለባቸው ሕፃናት ከአሥሩ ስምንቱ ያህል ሻንት ይገባላቸው ነበር። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች መመዘኛቸውን አጥብቀው በትዕግሥት ስለሚከታተሉ ቁጥሩ ዝቅ ብሏል።

ጭንቅላቱን መለካት

የማይለጠጥ የልብስ ሰፊ ሜትር ወይም ከጤና ጣቢያ የሚገኝ የወረቀት ሜትር ይበቃል። ሜትሩ ከፊት ከቅንድብ በላይ፣ ከጎን ከጆሮዎቹ በላይ፣ ከኋላ ደግሞ የጭንቅላቱ አጥንት ጎላ ብሎ በሚወጣበት ቦታ ላይ ማለፍ አለበት። አናቱ ላይ ቅቤ ካለ ሜትሩ ስለሚንሸራተት አስቀድሞ መጥረግ ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ተለክቶ ትልቁ ቁጥር እስከ ሚሊሜትሩ ይጻፋል፤ ከጎኑም ቀኑ ይሰፍራል። አንድ ቀን እናት፣ ሌላ ቀን አክስት፣ ሌላ ቀን ነርስ በየራሳቸው አለካክ የወሰዱት ቁጥር ለማነጻጸር ስለማይመች፣ በተቻለ መጠን ያው ሰው በዚያው ሜትር ይለካ። ሆስፒታል በሚተኛበት ጊዜ ልኬቱ በየቀኑ፣ ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሐኪሙ በሚሰጠው ቀጠሮ መሠረት ቢወሰድ መልካም ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መለኪያ መሠረት በጊዜዋ የተወለደች ሴት ሕፃን አማካይ የጭንቅላት ዙሪያ ስትወለድ 33.9፣ በአንድ ወር 36.5፣ በሦስት ወር 39.5 ሴንቲሜትር ነው፤ የወንዱ ደግሞ 34.5፣ 37.3 እና 40.5 ነው። ከቁጥሩ ይልቅ አካሄዱን መመልከት የሚሻለው ለምን እንደሆነ ሁለት ምሳሌዎች ያሳያሉ። አንዲት ሕፃን ስትወለድ ጭንቅላቷ 33 ሴንቲሜትር ነበር እንበል፤ በአንደኛው ሳምንት 33.4፣ በሁለተኛው 34.6፣ በሦስተኛው 36 ሆነ። የመጨረሻው ቁጥር በእድገት ካርዱ ላይ መካከለኛው መስመር አጠገብ ስለሚያርፍ በዚያ ቀን ብቻ ያያት ባለሙያ «ደህና ናት» ሊል ይችላል። ነገር ግን ጭንቅላቷ በተከታታይ ሁለት ሳምንት በየሳምንቱ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ አድጓል፤ ይህች ሕፃን ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ መታየት አለባት። ሌላዋ ደግሞ 37 ሴንቲሜትር ሆና ተወለደች፤ በየሳምንቱ 37.6፣ 38.2፣ 38.8፣ 39.3 እያለች ሄደች። ጭንቅላቷ ከብዙ ሕፃናት ይበልጣል፣ አልትራሳውንዱም ቬንትሪክሎቿ ሰፊ መሆናቸውን ያሳያል፤ ሆኖም እድገቷ የራሷን መስመር ተከትሎ ከካርዱ መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳል። በደንብ ከጠባችና ሌላ ምልክት ከሌለባት ሐኪሙ በቅርብ እየተከታተለ መጠበቅን ሊመርጥ ይችላል፤ ይህ ምርጫ ቸልተኝነት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

እርግብግቢቱን ለማየት ሕፃኑ ማልቀስ አቁሞ፣ ቀና ተደርጎ በጭን ላይ መቀመጥ አለበት፤ ሲያለቅስ ወይም በጀርባው ሲተኛ የማንም ሕፃን እርግብግቢት ሊነፋ ይችላል። ጣት በቀስታ ሲያርፍበት ለስላሳና ደልዳላ ወይም ትንሽ ጎድጎድ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ተረጋግቶ ቀና ባለበት ሁኔታ ሞልቶ ከተነሣና ሲነካ ከጠነከረ ግን ግፊት መኖሩን ያመለክታል። ጣቱን ከእርግብግቢቱ ወደ ኋላ በመሐል አናት ላይ ሲያስኬዱት በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ከባለፈው ሳምንት እየሰፋ መሆኑ ከታወቀ ይህም ይጻፍ።

የማይጠብቁ ምልክቶች

የዓይኑ ጥቁር ክፍል ወደ ታች ወርዶ ከበላዩ ነጩ መታየቱ፣ የራስ ቅሉ ደም ሥሮች መገተር፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ጡት መያዝ አለመፈለግ፣ ከወትሮው የተለየ ቀጭን የጩኸት ልቅሶ፣ ለመጥባት እንኳ መቀስቀስ እስኪያቅት ድረስ መተኛት፤ እነዚህ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው። የተሰፋው ጀርባ ከሥሩ ውሃ ቋጥሮ ማበጡ ወይም ጥርት ያለ ፈሳሽ ማንጠብጠቡም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ፈሳሹ ከላይ መውጫ ሲያጣ በታች በኩል መንገድ እየፈለገ ሊሆን ስለሚችል፣ ስፌቱን ማጠናከር ብቻውን መፍትሔ ላይሆን ይችላል። ያ ክፍተት የማጅራት ገትር መግቢያ በር በመሆኑም ለነገ አይባልም።

ከሁሉም በላይ በተሳሳተ መንገድ የሚተረጎመው ግን የጉሮሮና የአተነፋፈስ ምልክት ነው። ወደ አንገት የወረደው የአንጎል ክፍል መዋጥንና መተንፈስን የሚቆጣጠሩ ነርቮችን የያዘ ስለሆነ፣ ግፊት ሲጨምር ሕፃኑ ሲጠባ ትን ይለዋል፣ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል፣ ድምፁ ይደክማል፣ አየር ሲያስገባ የሚያፏጭ ድምፅ ያሰማል፣ ትንፋሹም ለአፍታ ሊቋረጥ ይችላል። በአገራችን እንዲህ የሆነን ሕፃን «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ለማስቆረጥ የሚወስድ ቤተሰብ ዛሬም አለ። ስፓይና ቢፊዳ ባለበት ሕፃን ላይ ይህ ምልክት ከታየ በመጀመሪያ የሚፈተሸው የአንጎል ፈሳሽ ግፊት ነው፤ እንጥል ማስቆረጥ ግን በደም መፍሰስና በኢንፌክሽን ሌላ አደጋ ይጨምርበታል፣ ውድ የሆነውንም ሰዓት ይወስዳል። አያቶችንና ጎረቤቶችን አክብሮ ይህን ማስረዳት የሕክምናው አካል ነው።

የምርመራ ምስልና የቀዶ ሕክምናው ምርጫ

እርግብግቢቱ ክፍት እስከሆነ ድረስ አልትራሳውንድ ጨረር ስለሌለውና ደጋግሞ ማንሣት ስለሚቻል ለክትትል ይመረጣል። ሲቲ ስካን ፈጣን ነው፤ ጨረሩ ግን ለሕፃን አንጎል ስለማይበጅ ለሚያስፈልግበት ጊዜ ቢቀመጥ ይሻላል። የሰፋ ቬንትሪክል ብቻውን የሻንት ትእዛዝ አይደለም። ሐኪሙ የሚፈልገው ካለፈው ምስል ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደጨመረ ማወቅ ስለሆነ፣ አሮጌው ፊልምና ውጤት ከአዲሱ ጋር አብሮ መቅረብ አለበት።

ውሳኔው ወደ ቀዶ ሕክምና ካዘነበለ በኋላ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያጣራው ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩን ነው። ፈሳሹ በባክቴሪያ ተበክሎ እያለ የገባ ሻንት ራሱ የባክቴሪያ መሸሸጊያ ስለሚሆን፣ ጀርባው ዘግይቶ የተዘጋለት ወይም ቁስሉ የመረቀዘበት ሕፃን በመጀመሪያ በመድኃኒት ይታከማል፤ እስከዚያው ግፊቱን ለማስተንፈስ ፈሳሹ በጊዜያዊ መንገድ ሊቀዳ ይችላል። ይህን መዘግየት ወላጆች በትዕግሥት ሊቀበሉት ይገባል።

ከሻንት ሌላ ምርጫ መኖሩንም መጠየቅ ተገቢ ነው። አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ቤንጃሚን ዋርፍ በኡጋንዳ በምትገኘው ምባሌ ከተማ በሚሠሩበት ጊዜ፣ በኢንዶስኮፕ (ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ) አማካይነት በቬንትሪክሉ ወለል ላይ መተላለፊያ መክፈትንና ፈሳሹን የሚያመነጨውን ክፍል መተኮስን አጣምረው ለሕፃናት አዳብረዋል። መነሻቸው እኛም የምናውቀው ችግር ነበር፤ ሻንቱ የተዘጋበት ሕፃን ከሩቅ ገጠር በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ አይችልም። በማይሎሜኒንጎሲል ሕፃናት ላይ ባሳተሙት ውጤት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ያለ ሻንት መቆየት ችለዋል። ዘዴው መሣሪያውንና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፣ ለሁሉም ሕፃን አይስማማም፣ ካልተሳካም ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ ስለሚታወቅ የጭንቅላት ልኬቱ ሊቋረጥ አይገባም። ከዚህ ሕክምና በኋላ ቬንትሪክሎቹ ሰፊ እንደሆኑ ሊቀሩ ስለሚችሉ፣ በሌላ ሆስፒታል ሕፃኑን የሚያየው ሐኪም በምስሉ እንዳይደነግጥ የተሠራውን የሚገልጽ ወረቀት መያዝ ይጠቅማል።

የመኖሪያ ቦታ ርቀት ለሐኪሙ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ለዘውዲቱ መታሰቢያ ወይም ለጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅርብ የሆነ ቤተሰብ በየሳምንቱ እየተመላለሰ መጠበቅ ይችላል፤ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ የሚጓዝ ቤተሰብ ግን ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ከተማ ውስጥ ጥቂት ሳምንታት መቆየት፣ ወይም በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ እያስለካ ቁጥሩን በስልክ ማሳወቅ ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት። ጸበል የሚወስድ ቤተሰብም ይህንኑ ሳይደብቅ ይናገር፤ ቁስሉ በደንብ እስኪድን ድረስ ጀርባውንም ጭንቅላቱንም አለማስነከር፣ ቀጠሮውንም አለማሳለፍ ከተቻለ ሁለቱ የሚጋጩ አይደሉም።

ሻንት ከገባ በኋላ በስፌቱ ላይ ቅቤም ሆነ ቅባት አይደረግም። የሻንቱ ዓይነት፣ የገባበት ቀንና ጎን የተጻፈበት ወረቀት፣ የልኬት ደብተሩና የመጨረሻው ምስል በአንድ ፖስታ ተደርገው ሕፃኑ በሄደበት ሁሉ አብረው ይሂዱ። ሻንቱ ሲዘጋ የሚታዩት ምልክቶች ሻንት ከመግባቱ በፊት የነበሩት ራሳቸው ናቸው፤ ትኩሳት፣ በቱቦው መስመር ላይ የሚታይ መቅላትና የሆድ መነፋት ሲታዩ ደግሞ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። እናት «ልጄ የወትሮው አይደለም» ካለች፣ የሚያሳይ ሌላ ምልክት ባይኖርም እንኳ፣ ሕፃኑ በዚያው ቀን ይታይ።