ልጅ ይዘው ኳስ ለማየት መጠጥ ቤት ሲገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ታዳጊዎችን ኳስ አሠለጥናለሁ። ሆጤ ስታዲየም ጨዋታ ባለ ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሚታይበት ሰዓት ሠልጣኞቼን የማገኛቸው ግሮሰሪና ድራፍት ቤት ውስጥ ነው። አንዳንዱ ከአባቱ፣ አንዳንዱ ከአጎቱ ጋር ይመጣል፤ ብቻውን የሚመጣም አለ። ልጆች ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለው ክርክር በየሳምንቱ ይነሣል። እኔ ይግቡ ባይ ነኝ፤ ግን ልጁ የመጣው ለኳሱ መሆኑ አይረሳ። ኳሱን የሚያይበት ወንበር ይሰጠው፣ ከመጠጡ ይራቅ። ይህን ማድረግ ያልቻለ ቤት ልጅ አያስገባ።

"ትንሽ ቅመሳት" ማለት

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የደገፉት ቡድን ሲያገባ ጠረጴዛው በደስታ ይናወጣል፤ ያን ጊዜ አንዱ ብርጭቆውን ወደ ልጁ ያስጠጋና "በል አንተም ቅመሳት፣ ወንድ አይደለህም እንዴ?" ይላል። ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። አባት ፈገግ ይላል።

በእኛ ፕሮጀክት የሚጫወት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ ግራ እግሩ ድንቅ ነው። በውድድር ጎል ያገባ ዕለት አጎቱ ሊያስደስተው ብሎ ግሮሰሪ ይዞት ገባ። ብርጭቆው ሲሰጠው ልጁ መጀመሪያ የሰዎቹን ፊት አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ። አረፋው አፍንጫው ላይ ቀርቶ ሁሉም ሲስቁ እርሱም ሳቀ። በሌላ ጊዜ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሳየው ማንም ሳይሰጠው እጁን ዘረጋ። ያስተማርነው ይህን ነው፤ ጎል ሲገባ የሚጠጣ ነገር እንዳለ፣ ሲጠጡ ደግሞ ትልልቅ ሰዎች እንደሚያጨበጭቡ። ልጁ የቢራውን ጣዕም አልወደደውም፤ የወደደው ጭብጨባውን ነው። ስለዚህም "ጣዕሙ መራራ ስለሆነ ራሱ ይተወዋል" የምትሉ ሰዎች ተሳስታችኋል።

ሕጉም ለክርክር ቦታ አይተውም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። አባት ገዝቶ ሲሰጠው ቢራው ሌላ ነገር አይሆንም። አንድ ሰው ብርጭቆውን ወደ ልጃችሁ ሲያስጠጋ በጨዋ ቃል "ተው ወንድሜ፣ ለልጅ አይሆንም" በሉ፤ ካልተመለሰ ተነሥታችሁ ውጡ። ይሉኝታ ልጅ አያሳድግም።

ልጁን መላላክ

"ሂድና ሲጋራ አምጣልኝ፣ ይህችን የውርርድ ትኬት አስቆርጥልኝ፣ አንድ ድራፍት ጨምሪ በላት።" አይላክ፤ አስተናጋጅ አለ።

ከስታዲየሙ በፊት ግሮሰሪ

ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ አባቶች ስምንት ሰዓት ላይ ልጁን ይዘው ግሮሰሪ ይቀመጡና ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ እየተሯሯጡ ይገባሉ። ልጁ ያጣው ምን እንደሆነ አያውቁም። ኳስ ለሚማር ልጅ ማሟሟቂያው ራሱ ትምህርት ነው። በረኛው ኳስ ሲይዝ ጣቶቹን እንዴት እንደሚከፍት፣ ተመላላሹ በየትኛው እግሩ እንደሚያሻማ፣ አምበሉ ወጣቶቹን እንዴት እንደሚያነጋግር የሚታየው ያኔ ነው። ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመርቋል፤ ደሴም ሜዳ አላት። ልጁን ቀድማችሁ ሜዳ አስገቡት፣ ቆሎ ግዙለት፣ እናንተም አብራችሁ እዩ። መጠጣችሁ ይደርሳል።

እንግሊዝን በግማሽ መጥቀስ

"ኳስን የፈጠሩት እንግሊዞች እንኳ ልጆቻቸውን ይዘው ፐብ ይገባሉ" የሚል መከራከሪያ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ይገባሉ። ነገር ግን እዚያ ዋና ሥራው መጠጥ በሆነ ቤት ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ መገኘት አይችልም፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ አልኮል መሸጥም ክልክል ነው። በትልልቅ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ደግሞ ሜዳው ከሚታይበት ቦታ ሆኖ አልኮል መጠጣት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። ስኮትላንድ የባሰ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1980 የስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜ የሴልቲክና የሬንጀርስ ደጋፊዎች ሜዳ ውስጥ ገብተው ከተደባደቡ በኋላ በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ መጠጥ ከስታዲየም እንዲወጣ ተደርጓል። እንግሊዝን የሚጠቅስ ሰው ሕጉንም ይጥቀስ።

ልጆችን አባርሮ መገላገል

ይህ የባለቤቶች ስህተት ነው። "ልጅ አላስገባም" ብለው በሩን ይዘጋሉ፤ ጥሩ አደረግን ይላሉ። ልጆቹ ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ብዙዎቹ ቤት ዲኤስቲቪ የለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ የምናውቅ እናውቀዋለን። ልጆቹ በነጠላ ሹራብ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው፣ ከሚገባና ከሚወጣ ሰካራም ጋር እየተጋፉ ያያሉ። መጠጡን በመስኮት አዩት፣ ስድቡንም ሰሙት፤ የተከለከሉት ወንበሩን ብቻ ነው። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር ለልጅና ላመጣው ሰው መድቡ። ሻይ በዳቦ፣ ብርዝ፣ ቀሪቦ ይኑር። ለስላሳው በቢራ ብርጭቆ አይቅረብ። ቤት ውስጥ ማጨስ ቀደም ሲል በጠቀስኩት አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ስለሆነ አጫሹን ለማስወጣት ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልጋችሁም።

ሰዓት አለማየት

የቅዳሜው የእንግሊዝ ጨዋታ በእነርሱ የብርድ ወቅት የሚጀምረው በእኛ 12 ሰዓት ነው፤ ያ ይሁን። የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ግን በዚያው ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ ሊያልቅ ሰባት ሰዓት ይሆናል፣ ያውም ማክሰኞና ረቡዕ። የቢራ ሳጥን ላይ ተኝቶ ያገኘሁት ልጅ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ምን ሊማር ነው? ለሌሊት ጨዋታ ልጅ አይመጣም። ውጤቱን ጠዋት ቁርስ ላይ ንገሩት።

ሥራ ሳይሰጡ ማስቀመጥ

ልጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ከወለሉ የለቀማቸውን የቢራ ቆርኪዎች አራት አራት ሁለት አድርጎ ደርድሮ አየሁት። በረኛው ሳይቀር በቦታው ነበር። አባቱ ከላይ ሆኖ አላየውም፤ ከጎኑ ግን የተሰበረ ጠርሙስ ነበር። ለእንዲህ ያለ ልጅ ወረቀትና እርሳስ ስጡት። አሰላለፉን ይሣል፣ ኮርነር ይቁጠር፣ በእረፍት ሰዓት ያየውን ይንገራችሁ።

ሽንት ቤት ደግሞ ብቻውን አይላክም። ይህ አያከራክርም።

ወንዱን ብቻ ማምጣት

ሴት ሠልጣኞች አሉኝ፤ ከወንዶቹ እኩል ይሮጣሉ፣ ጨዋታ የማየት ዕድል ግን የላቸውም። አንዷ በልምምድ መካከል "አሠልጣኝ፣ ወንድሜ ትናንት ያየውን እኔ መቼ ነው የማየው?" አለችኝ። አባቷን ሄጄ አነጋገርኩት። "ቤቱ ለሴት ልጅ አይመችም" አለኝ። ለሴት ልጅህ የማይመች ቤት ለወንዱ ልጅህም አይመችም አልኩት። አሁን ሁለቱንም ይዞ በረንዳው ላይ ቴሌቪዥን የሰቀለ አንድ ሻይ ቤት ይሄዳል፤ የቀን ጨዋታ ብቻ ያያሉ። እንዲህ ያሉ ቤቶች በየሰፈሩ አሉ፤ ከመቀመጣችሁ በፊት ልጆች የት እንደሚቀመጡ፣ ምን እንደሚጠጡና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ባለቤቱን ጠይቁ። መልስ ከሌለው ሌላ ቤት ፈልጉ።