«እንዲህ በል» አትበሉ፦ ለአዲስ የቴአትር ረዳት መምህራን

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ረዳት መምህር ተማሪ ሲያለማምድ ከአዳራሹ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ልጁ አንድ መስመር ይላል። ረዳቱ «አይ፣ እንዲህ በል» ይልና ራሱ ይለዋል። ልጁ ይደግማል። «አይደለም፣ መጨረሻው ላይ ድምፅህን ጣል!» ልጁ ይጥላል። «አሁን ደግሞ በጣም ጣልከው።» አንዲት መስመር፣ ሩብ ሰዓት። ልግባ ወይስ ልተወው እያልኩ ትንሽ ቆየሁና ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ሻዩ ንዴቴን አላበረደልኝም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ጎጃም ውስጥ ካሉ ግቢዎች በአንዱ የቴአትር ማስተርሴን እየተማርኩ የዲግሪ ተማሪዎችን ትወና አለማምድ፣ ፈተና አርም፣ ወንበር እሸከም ነበር። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች ያልሠራኋቸው ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው።

«እንዲህ በል» የሚለው ረዳት ክፉ ሰው አይደለም። ቸኩሏል። ትርኢቱ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ የራሱ ሴሚናር ነገ ነው፣ ልጁ ደግሞ መስመሩን እንደ ዜና ያነበንበዋል። ብሎ ቢያሳየው በአንድ ደቂቃ የሚስተካከል ይመስለዋል። ይስተካከላልም፤ ለዚያች መስመር፣ ለዚያች ቀን። ልጁ የያዘው ግን የመምህሩን ዜማ ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደተባለ አያውቅም። በትርኢቱ ቀን አጠገቡ ያለው ተዋናይ አንድ ቃል ቢዘልል፣ ከኋላ ወንበር ሕፃን ቢያለቅስ፣ ዜማው ይበጠሳል። ከተበጠሰ በኋላ የሚጨብጠው ነገር የለውም። ዐይኑን ወደ መጋረጃው ጥግ ይወረውራል፤ እናንተን ፍለጋ ነው።

ሌላው ጣጣ የሚታየው ዘግይቶ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ አሥራ አንድ ተማሪዎች የሚጫወቱበት አጭር ተውኔት አዘጋጀሁ። መስመር በመስመር፣ ቃል በቃል፣ «እንዲህ በል» እያልኩ። በትርኢቱ ምሽት አንድ ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። እኩሌታው ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሁሉም አንተን ነው እኮ የሚጫወቱት» አለኝ። መድረኩን አየሁ። ባላባቱም እኔ፣ ሎሌውም እኔ፣ አማቲቱም እኔ። አንዷ ልጅ ስናደድ አፍንጫዬን የምነካውን ሳይቀር ይዛዋለች። አዳራሹ ያጨበጭባል፣ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ነው።

ታዲያ ምን ይባል? ጠይቁት። ይህን የምትለው ለማን ነው? ምን እንዲያደርግልህ ፈልገህ ነው? እምቢ ቢልህስ ምን ይቀርብሃል? ልጁ በልቡ ሲመልስ ድምፁ በራሱ ይለወጣል። ካልተለወጠ ለእጁ ሥራ ስጡት፤ ጋቢ እያጣጠፈ ይበለው፣ ጫማውን እያሰረ ይበለው። አድማጩን ከአዳራሹ ወዲያኛው ጥግ አቁሙትና አልሰማ ብሎ ያስቸግረው። ዛሬ ካልመጣለት ነገ ይመጣል። እስከዚያ ዝም በሉ። ዝም ማለት ለረዳት መምህር ከምንም ነገር በላይ ይከብዳል፤ የምናውቅ መስሎ መታየት ስለምንፈልግ ነው።

ይህንን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። የምንኖረው ቅኔ ቤት ባለበት አገር ነው፤ ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ እየተባለ የሚጠራው ሁሉ እዚሁ ደጃችን ነው። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ የራሱን ግን ብቻውን ጫካ ገብቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል። ከዚያ መጥቶ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ፣ አንዳንዴም ያፈርሱበታል፣ እንደገና ይቆጥራል። ደግሞም እንደ መወድስ ባለ ረጅም ቅኔ የሚጀምር ጀማሪ የለም፤ መነሻው ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ናት። እኛ ግን መድረክ ረግጦ የማያውቅን ልጅ ባለሦስት ገቢር ተውኔት እናሸክመዋለን፤ ከዚያ ጎበጠ ብለን እንቆጣዋለን። ሁለት ሰው፣ አንድ ገጽ፣ አንድ ጉዳይ። ለመጀመሪያው ሴሚስተር ይበቃል።

«የራስሽን ሐዘን አስታውሺ» ማለት ሌላው ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። የሩሲያውን የትወና መምህር ስታኒስላቭስኪን ከፎቶኮፒ ሀንዳውት ላይ ሁለት ገጽ ያነበበ ረዳት «የስሜት ትውስታ» የምትለዋን ይዞ ይነሳል። እኔም ተነስቼ ነበር። ለቅሶ ያለበት ትዕይንት ነው፣ ልጅቷ ማልቀስ አቃታት፣ «በሕይወትሽ ያጣሽውን ሰው አስቢ» አልኳት። አሰበች። ልምምዱ ቆመ፣ ጓደኞቿ ደግፈው ወደ ዶርም ወሰዷት፣ ሳምንት ሙሉ ከክፍል ቀረች። ያንን ቁስል ከፍቼ እንዴት እንደሚዘጋ ግን አላውቅም ነበር። በእነዚህ ዓመታት በዚህ አካባቢ ሰው ያልሞተበት ተማሪ ስንት አለና ነው? ስታኒስላቭስኪ ራሱ በመጨረሻ ዘመኑ ወደ አካላዊ ድርጊት ማዘንበሉን ሀንዳውቱ አልነገረኝም፤ ሦስተኛ ገጽ አልነበረውማ። ነጠላዋን ታዘቅዝቅ፣ የሟቹን ጫማ ከደጅ አንስታ የምታስቀምጥበት ትጣ። እንባው ካልመጣ አይምጣ፤ ተመልካቹ ያለቅስላታል።

የትወና ፈተና በዚያው ምሽት ይታረም። የጽሑፍ ፈተና ጠረጴዛ ላይ ይቆያችኋል፣ መነባንብ ግን አይቆይም። አንድ ከሰዓት 40 ተማሪ አይቼ፣ ሦስት ቀን ካሳደርኩት በኋላ ከስም ዝርዝሩ ፊት ተቀመጥኩ፤ ግማሾቹ ምን እንደሠሩ ትዝ አላለኝም። ምን እንዳደረግኩ አልናገርም። (ቢ የበዛበት ዓመት ነበር።) ከዚያ ወዲህ አንድ ወረቀት ላይ ድምፅ፣ እንቅስቃሴ፣ ማዳመጥ፣ የቃል ጥናት ብዬ እይዛለሁ፤ ልጁ ከመድረክ ሳይወርድ እሞላዋለሁ። መመዘኛውን ተማሪዎቹም ቀድመው ያዩታል። በግሬድ የሚመጣው ክርክር በግማሽ ይቀንሳል። የቀረው ግማሽ «ቲቸር፣ ትንሽ ብትጨምርልኝ ምን ይልሃል» የሚለው ነው፤ ለእሱ መድኃኒት አላገኘሁም።

ትናንት ዶርም የተጋራችሁት ልጅ ዊዝድሮው ሞልቶ (ትምህርቱን አቋርጦ) ቆይቶ እናንተ ክፍል ከተገኘ ፈተናውን ሌላ ሰው ይረምለት። ጠላ ጋብዟችሁ ከሆነማ ወሬም የለ።

እውነተኛ ጠመንጃ መድረክ ላይ አይወጣም። ጎጃም ነንና ፉከራና ሽለላ ባለበት ትርኢት ሁሉ አንዱ ተማሪ ያጎቱን ምንሽር ይዞ ይመጣል፤ «ጥይት የለውም» ይላል። ጥይት አለው ተብሎ የመጣ ጠመንጃ አይቼ አላውቅም። እንጨት ጠርባችሁ ቀለም ቀቡት።

ወደ ራሳችሁ ጥናት ስንመጣ፣ ርዕስ አታስፉ። «የጎጃም ባህላዊ ክዋኔዎች ቴአትራዊ ገጽታ» የሚል ፕሮፖዛል ስንት ጊዜ እንዳየሁ! ጎጃም ማለት ከዓባይ በረሃ እስከ ጣና፣ ከጮቄ እስከ አገው ምድር ነው፤ የትኛውን ልትጽፉ ነው? አንድ ጠጅ ቤት፣ አንድ አዝማሪ ያዙ። ወይም እንጅባራ ላይ ጥር 23 የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ያዙ፤ እሱም ሰፋ ካላችሁ የፈረሱን ጌጥ ብቻ ይዞ መመረቅ ይቻላል።

«ቴአትር» የምትለዋን ቃል ይዛችሁ ቤተ ክርስቲያን አትግቡ። ለእናንተ ሙገሳ ናት። ሌሊቱን ሙሉ በአቋቋም ዝማሬ ቆመው ላደሩ መሪጌታ ግን «ታስመስላላችሁ» እንደማለት ነው። ለወረቀታችሁ አቆዩዋት።

የቀን መቁጠሪያ አለማየት ደግሞ የተማረ ሰው ስህተት ነው፤ ገበሬ አይሠራውም። እኔ ፕሮፖዛሌ የጸደቀው ጥር መጨረሻ ላይ ነበር። የሰርግ ጨዋታ ላጠና ካሜራ ተውሼ፣ ለመሳፈሪያ ተበድሬ፣ ወጣሁ። ስደርስ ሁዳዴ ገብቷል። 55 ቀን ሰርግ የለም፣ ዘፈን የለም፣ አዝማሪውም ማሲንቆውን ሰቅሏል። ያረፍኩበት ቤት ሰውዬ «ምነው በጥር ሳትመጣ?» አሉኝ፤ ምን ልበላቸው? በጥር ፕሮፖዛል አጸድቅ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሰርግ አለ፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ይገባል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ሰው ሁሉ ወደ እርሻው ይሄዳል። የገጠር ልጅ ነኝ እያልኩ ስኩራራ የኖርኩት እኔ ነኝ እንግዲህ። ፕሮፖዛሉን ከመጻፋችሁ በፊት የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚያወጣውን ባሕረ ሐሳብ ተመልከቱ፣ ወይም እናታችሁን ጠይቁ።

አሁንም የሚያሳፍረኝ ግን የሙሾው ነው። ለአንድ ሴሚናር ወረቀት ሙሾ ልሰበስብ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወዳለ መንደር፣ የታወቁ አልቃሽ እናት ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ። መቅጃዬን ከፍቼ «እማማ፣ እስኪ ትንሽ ያሰሙኝ» አልኳቸው።

«ማን ሞተና ልጄ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም፤ ለትምህርት ነው።»

«ታዲያ በማን ላይ ላሟርት?» አሉና ደጃፉ ላይ የሚጫወቱትን የልጅ ልጆቻቸውን ዞር ብለው አዩ።

በረካ ሳይደርስ ወጣሁ። ወራት አልፈው እዚያው መንደር ሰው ሞተ ሲባል ሄድኩ። መቅጃ አልያዝኩም። ከሰው ጋር ተቀመጥኩ፤ ሟቹን ባላውቃቸውም ከግጥሙ የተነሳ አለቀስኩ። ሰው ሲበተን የጠሩኝ እርሳቸው ናቸው። «አንተ የትምህርት ቤቱ ልጅ፣ ና እስኪ፣ አሁን ጠይቀኝ።» ግጥሞቹን ያለ ዜማ፣ እንደ ጨዋታ ነገሩኝ፤ የትኛው ለወጣት፣ የትኛው ለአዛውንት፣ የትኛው ወልዳ ሳትጠግብ ለሞተች እንደሚባል ለዩልኝ። እኔ ያን ሁሉ አንድ ላይ «ሙሾ» ብዬ ልጽፈው ነበር።

የተጻፈ ተውኔት ለማጥናት የመረጣችሁ ደግሞ፣ መድረክ ላይ የወጡ ብዙ የአማርኛ ተውኔቶች ታትመው እንደማያውቁ እወቁ። ላይብረሪ የለም ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፤ ጽሑፉ ቴአትር ቤቶቹ ወይም ደራሲው ቤት ሊኖር ይችላል። ደብዳቤ አጽፋችሁ ዓባይን ተሻግራችሁ አዲስ አበባ ሂዱ፤ ጥቅምት ላይ እንጂ ዲፌንስ ሲደርስ ግንቦት ላይ አይሁን።

ዘመድ «ምን ትማራለህ?» ሲል ስለ አርስቶትል አታስረዱ። እኔ ለአጎቴ ግማሽ ሰዓት አስረድቻለሁ። በትዕግሥት ሰምቶኝ «እና፣ አዝማሪ ልትሆን ነው?» አለኝ። ያን ጊዜ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው አዝማሪ መሆን ምን ነውር አለው? ክርክሩን ማሸነፍ ከፈለጋችሁ ግን የዮፍታሔ ንጉሤን ስም አንሱ። የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፣ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ነው ተውኔት የጻፈው። ደብረ ኤልያስ ሲባል የእኛ ሽማግሌዎች ይለዝባሉ።

የቀረው ጥቃቅን ነው። የልምምድ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፤ አንዴ ጠዋት ለማለት «8:00» ብዬ ለጥፌ ግማሹ ተማሪ ምሳውን በልቶ መጣ። መብራት ይጠፋል፤ ድምፁን ሁሉ ላፕቶፕ ላይ አታድርጉት፣ ጥግ ላይ አንድ ከበሮ ይቀመጥ።

አዳራሽ በአፍ ተፈቅዷል ከተባለ አልተፈቀደም። ደብዳቤ፣ ፊርማ፣ ማህተም፣ ኮፒ በኪስ። እኔ ይህን የተማርኩት በትርኢቱ ቀን አዳራሹ ስብሰባ ገብቶበት፣ ተዋናዮቼ ፊታቸውን ተቀብተው ደጅ ሲጠብቁ ነው። ዋርካው ሥር ነው የተጫወቱት፤ አልከፋም፣ እንዲያውም ከስብሰባው ሰው እየወጣ ይመለከት ነበር። በዓመቱ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ፤ አዳራሹ ባዶ ነው፣ ቁልፉ የለም። ቁልፉን የሚይዙት ጋሼ ቅዳሜ ገበያ ወጥተዋል። አሁን ስልካቸው ስልኬ ውስጥ ከአማካሪዬ በላይ ነው።