«ሳይታችን ሞቷል» ሲባል የምንሠራቸው ስህተቶች

የሰፈራችንን እድር ድረ ገጽ የማስተዳድረው በበጎ ፈቃድ ነው። ደሞዜ የስልክ ጥሪ ነው። «አንተ ልጅ፣ ሳይታችን ዛሬም ሞቷል እኮ!» ይሉኛል። ብዙ ጊዜ አልሞተም፤ የደዋዩ ዳታ ነው ያለቀው። ሌላ ጊዜ ግን ወይ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ታሟል፣ ወይ ካሽ የሚባለው ነገር ያረጀ ገጽ እያሳየ ነው። እነዚህን ሁለቱን እያምታታሁ ስንት ሌሊት እንዳባከንኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ካሽ ስል ጥሬ ገንዘብ ማለቴ አይደለም። አንድ ቀን ለእድራችን ገንዘብ ያዥ «ካሹን በሙሉ አጠፋሁት» ብያቸው የደነገጡትን ድንጋጤ አልረሳውም። በአማርኛ የሚሠሩ ስልኮች «መሸጎጫ» ይሉታል፣ ጥሩ ቃል ነው። ባለሱቅ ስኳሩን በግማሽ ኪሎ፣ በግማሽ ኪሎ ቋጥሮ ፊት ለፊት ይደረድራል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ጆንያ አይፈታም፣ ሚዛን አያወጣም። ድረ ገጽም እንደዚያው ነው። ገጹን አንዴ ይሠራና ይሸጉጠዋል፣ ለሚቀጥለው ሰው የተቋጠረውን ያቀብላል። ጣጣው ቋጠሮው ብዙ ቦታ መኖሩ ነው። አንዱ በአንባቢው ብራውዘር ውስጥ አለ። አንዱ መሀል ላይ፣ በአንባቢውና በሰርቨሩ መካከል ቆሞ ገጹን በሚያቀብል እንደ ክላውድፍሌር ባለ አገልግሎት ዘንድ፣ ሌላው ሰርቨሩ ላይ፣ አንዳንዴም ዳታቤዙ (የድረ ገጹ መረጃ የሚቀመጥበት መዝገብ) አጠገብ።

በአድሚን ዓይን አይቶ «ተስተካክሏል» ማለት

በጣም ያሳፈረኝ ይሄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የእድራችን አንድ አባት አርፈው የቀብር ሰዓቱን 9 ሰዓት ብዬ ድረ ገጹ ላይ ለጠፍኩ። ማታ ቤተሰቡ ደውሎ ወደ 7 ሰዓት መቀየሩን ነገረኝ። ወዲያው አስተካከልኩ። ገጹን ከፈትኩ፣ 7 ይላል። ተኛሁ። በማግስቱ ቀብሩ አልቆ፣ ሰው እጁን ታጥቦ ድንኳን ከገባ በኋላ፣ ጥቁር የለበሱ ብዙ ሰዎች ቤተክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሲንከራተቱ ተገኙ። ሁሉም ስልካቸውን አውጥተው ያሳዩኛል። 9 ሰዓት።

የሆነው ይሄ ነው። እኔ እንደ አድሚን፣ ማለትም እንደ ገጹ አስተዳዳሪ፣ በይለፍ ቃል ገብቼ ነበር። ድረ ገጻችን የተሠራው ዎርድፕረስ በሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ነው፤ ካሽ የሚያደርጉ አብዛኞቹ ፕለጊኖቹ (ተጨማሪ ሥራ የሚያሠሩ ቅጥያዎች) ደግሞ በይለፍ ቃል ለገባ ሰው የተሸጎጠውን ገጽ አይሰጡም፤ ትኩሱን ይሰጣሉ። ሌላው ሕዝብ የሚያየው ሆስቲንጋችን (ሰርቨሩን የሚያከራየን ድርጅት) ከፊት ባስቀመጠው ካሽ ውስጥ ያለውን የትናንቱን ገጽ ነበር። እኔ ከጓዳ ትኩሱን እየቀመስኩ እንግዳው የደረቀውን ይበላ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ያስተካከላችሁትን ነገር በኢንኮግኒቶ መስኮት፣ ማለትም እንደ አድሚን መግባታችሁን በማያውቀው የብራውዘር የግል መስኮት፣ እዩት። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ እዩት። አንድ ጓደኛችሁም ከራሱ ስልክ ይክፈተው። ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና አር አንድ ላይ ሲጫኑ ብራውዘሩ የራሱን ቋጠሮ ትቶ እንደገና ይጠይቃል። ይህ ግን የእናንተን ብራውዘር ብቻ ነው የሚነካው። የሌላውን ሰው አይነካም፣ ሰርቨሩ ላይ ያለውንም አያጸዳም።

ሊንኩን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የምትለጥፉ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ የሚወጣው ትንሽ ቅንጭብም የተሸጎጠ መሆኑን እወቁ። ገጹ ተቀይሮ ቅንጭቡ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ዌብፔጅቦት የሚባለው የቴሌግራም ቦት ሊንኩን ስትልኩለት ያድሰዋል።

ቁጥሩን ሳያነቡ መሯሯጥ

«ኤረር ይላል» አይበቃም። ቁጥሩ ስንት ነው? ስክሪንሾት ላኩልኝ እላለሁ ሁልጊዜ። በ4 የሚጀምር ከሆነ ጥያቄው ላይ ነው ችግሩ፤ 404 የተጠየቀው ገጽ የለም፣ 403 ደግሞ መግባት አልተፈቀደም ማለት ነው። በ5 የሚጀምር ከሆነ ሰርቨሩ ጋ ነው።

ከ5ቱ ውስጥ ሰው የሚያምታታው 500ን ከ502 እና ከ504 ጋር ነው። 500 ሲሆን ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰብሯል። ኮዱ ወድቋል፣ ወይም ለሰርቨሩ ትእዛዝ የሚሰጠው ኤችቲአክሰስ የሚባለው ፋይል ውስጥ አንድ የተሳሳተ መስመር ገብቷል። 502 እና 504 ሲሆን ግን የሚያናግራችሁ በር ላይ ያለው ዘበኛ ነው፤ ጥያቄውን ከፊት ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈው ሰርቨር ማለት ነው። በ502 «ከውስጥ የማይረባ መልስ ሰጡኝ» ይላችኋል። በ504 «ብጠብቅ ብጠብቅ የሚመልስልኝ አጣሁ» ነው የሚለው። 503 ደግሞ «አሁን አልችልም፣ ቆይታችሁ ተመለሱ» ነው፤ ወይ ሥራ በዝቶበታል ወይ እድሳት ላይ ነው። 521 ወይም 522 ካያችሁ ቁጥሩ የክላውድፍሌር የራሱ ነው። ክላውድፍሌር ደህና ነው፣ የእናንተን ሰርቨር ግን ማግኘት አልቻለም። ይህን ሳያዩ ክላውድፍሌር ላይ የሚያፈጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ካሽ ማጽዳትን እንደ ጠበል መቁጠር

ማንኛውም ችግር ሲመጣ «ካሽ አጽዳው» የሚል አንድ ሰው ግሩፑ ውስጥ አይጠፋም። አንዳንዴ ይሠራል፣ ለዚያ ነው ልማድ የሆነው። ነገር ግን የወደቀ ኮድ ካሽ በማጽዳት አይነሳም። ይባስ ብሎም የተሸጎጠው ገጽ ነበር ሰርቨሩን ደግፎ የያዘው። መርዶ ወጥቶ አባላት በሙሉ በአንድ ጊዜ በሚከፍቱበት ሰዓት ካሹን ጠራርጋችሁ ብታጠፉ ሁሉም ጥያቄ በአንዴ ዳታቤዙ ላይ ይወድቃል። የተቋጠረው ስኳር ተበትኖ ሰልፈኛው ሁሉ ጆንያው ላይ ሲረባረብ አስቡት።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። መስከረም 2010 በፈረንጆች፣ ፌስቡክ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተቋርጦ ነበር። ካሽ ውስጥ የተበላሸ የቅንብር እሴት ሲያገኝ በራሱ እንዲያስተካክል የተሠራ ሥርዓት ነበራቸው። አንድ ቀን ዳታቤዙ ላይ ያለው ዋናው ቅጂ ራሱ ስህተት ተደርጎ የሚታይ እሴት ተደረገበት። እያንዳንዱ ማሽን «ተበላሽቷል» ብሎ ካሹን እየሰረዘ ዳታቤዙን መጠየቅ ጀመረ። ዳታቤዙ ሲጨናነቅ ስህተት መለሰ፤ ስህተቱ ደግሞ እንደገና ካሹን አሰረዘ። አዙሪቱን ለማቆም ሳይቱን ዘግተው ቀስ በቀስ ሰው ማስገባት ነበረባቸው።

ስለዚህ የተቀየረውን አንድ ገጽ ብቻ አጽዱ። አብዛኞቹ ፕለጊኖች ይህን ይፈቅዳሉ።

ሎጉን ሳያዩ ፕለጊን መንቀል

ሰርቨሩ ምን እንደገጠመው ይጽፋል። የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ውስጥ የኤረር ሎግ፣ ማለትም የስህተት መዝገብ፣ አለ፤ የመጨረሻዎቹን አሥር መስመሮች ማንበብ ሁለት ደቂቃ ነው። ብዙ ጊዜ የፋይሉን ስም እና የመስመሩን ቁጥር ሳይቀር ይነግራችኋል። ዎርድፕረስ ከ2019 ወዲህ፣ ማለትም ከ5.2 እትም ጀምሮ፣ አንድ ፕለጊን ገጹን ሲጥለው ለአድሚኑ ኢሜይል ይልካል። ኢሜይሉ ውስጥ የተበላሸውን አግዶ የሚያስገባ ልዩ ሊንክ አለ። እኛ ጋ ይህ ኢሜይል ለካ ሲላክ ኖሯል። ከኮሚቴው ከወጣ ሰንበት ላለ ሰው ነበር የሚደርሰው። የእናንተንም አድራሻ ዛሬውኑ እዩት።

ተጠርጣሪ ፕለጊን ካለ አትሰርዙት። የማህደሩን ስም ቀይሩት፤ ዎርድፕረስ ሲያጣው ያቆመዋል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ እዩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። አራት ነገር አንድ ላይ ነክታችሁ ቢስተካከል የቱ እንዳስተካከለው አታውቁም፣ በሚቀጥለው ወር ሲመለስም እንደገና ከዜሮ ነው።

ዲስክ መሙላትንም እዩ። ባክአፕ የሚሠራ ፕለጊን ፋይሉን እዚያው ሰርቨር ላይ እየከመረ ቦታውን ይጨርሳል፣ ዳታቤዙም መጻፍ ያቅተዋል። ስህተቱ ግን የዳታቤዝ ይመስላል።

የአባላትን ገጽ መሸጎጥ

ከላይ ያሉት ሁሉ ያናድዳሉ። ይሄኛው ግን ያጣላል። አባል ገብቶ የራሱን መዋጮ የሚያይበት ገጽ ካላችሁ እና ካሹ እሱን እንደ ማንኛውም ገጽ ከሸጎጠው፣ የአንዱ ሂሳብ ለሌላው ይታያል። ስቲም የተባለው የጌም መደብር በታኅሣሥ 25፣ 2015፣ በፈረንጆች ገና ዕለት፣ እንዲህ ሆኖበታል። ጥቃት ደርሶበት ጫናውን ለመቀነስ የካሽ ደንብ ሲቀየር ተሳሳተ፤ ወደ 34 ሺህ የሚጠጉ ተጠቃሚዎች ገጽ ለሌላ ሰው ሊታይ ቻለ።

እዚህ ላይ ሰርቨሩ ከገጹ ጋር ለካሾች የሚልከው፣ ስሙ የሚያሳስት ትእዛዝ አለ። «ኖ ካሽ» ሲባል አትሸጉጥ ማለት ይመስላል። አይደለም። «ሸጉጠው፣ ግን ዋናውን ሰርቨር ሳትጠይቅ አትስጥ» ነው ትርጉሙ። በፍጹም እንዳይቀመጥ የሚያዘው «ኖ ስቶር» ነው። የመዋጮው ገጽ ላይ መግባት ያለበት ሁለተኛው ነው።

እኛ አሁን የመዋጮውንም የመርዶውንም ገጽ ከካሽ አውጥተናቸዋል። የመርዶው ገጽ ትንሽ ይዘገያል፣ ይዘግይ። ባለፈው ሳምንት አንድ እናት ደውለው «ልጄ፣ ሳይቱ ቀርፋፋ ሆኗል እኮ» አሉኝ። የቀብሩን ሰዓት በትክክል አይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አይተዋል።