ያነቀህ ከረባቱ ሳይሆን ኮሌታው ነው

ባለፈው ጥቅምት አንድ ትልቅ ሰው ሱቄ መጡ። ለወንድማቸው ልጅ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ፈለጉ። "ከረባት ግን አላስርም። ያንቀኛል፤ ከድሮም አይሆነኝም" አሉኝ። የለበሱትን ሸሚዝ ኮሌታ ገለጥ አድርጌ አየሁት። 39 ይላል። ሜትሩን አንገታቸው ላይ ሳዞር 41 ተኩል ወጣ። ስንት ዓመት ሙሉ ኮሌታው እያነቃቸው ጥፋቱን ከረባቱ ላይ ጥለውታል። 42 አድርጌ ሰፋሁላቸው። ሊወስዱ የመጡ ዕለት መስታወቱ ፊት ቆመው ከረባት አሰሩ። አንገታቸውን ወዲህ ወዲያ አዞሩና "አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?" አሉኝ።

ሸሚዝ መስፋት የተማርኩት ከአባቴ ነው፤ የምሰፋውም በእሱ ሲንጀር ነው። እጅጌ ቢያጥር ኮት ይሸፍነዋል። ጀርባው ቢሰፋ ሱሪ ውስጥ ይገባል። ኮሌታ ግን መደበቂያ የለውም፤ ፊትህ ሥር ነው ያለው። ሰው ሲያወራህ የሚያየው ፊትህን ነውና ኮሌታህንም ሳይወድ በግድ ያየዋል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ሸሚዝ ስትገዛም ሆነ ስታሰፋ ከቀለሙ በፊት ኮሌታውን እይ። ከኮሌታው ሞዴል በፊት ደግሞ አንገትህን ለካ።

ሜትሩን ከማንቁርትህ በታች፣ ኮሌታው በሚያርፍበት ቦታ አዙረው። አታጥብቀው፤ በሜትሩና በአንገትህ መሀል አንድ ጣት ይግባ። 40 ካለ ኮሌታህ 40 ነው። ጨርቁ ንጹህ ጥጥ ከሆነና ገና ውኃ ካልነካው እኔ አንድ ሳንቲ ሜትር እጨምራለሁ። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል።

የተዘጋጀ ሸሚዝ እየሞከርክ ከሆነ የላይኛውን ቁልፍ ቆልፍ። ሁለት ጣት ሳይጨነቅ ከገባ ልክህ ነው። ከዚያ ፊትህን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙር። ኮሌታው ባለበት ቀርቶ አንገትህ ብቻ ከዞረ ደህና ነው። ኮሌታው አብሮህ ከዞረ ጠቦሃል። ሦስት ጣት ከገባ ደግሞ ሰፍቶሃል፤ ከረባት ስታስርበት ጨርቁ እንደ ከረጢት አፍ ይጨማደዳል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ሸሚዝ ቁጥሩ በኢንች ነው። 15 ተኩል ማለት 39 ሳንቲ ሜትር ከትንሽ ነው፤ 16 ማለት 40 ተኩል ገደማ፤ 16 ተኩል 42 ገደማ፤ 17 ደግሞ 43። ከጎኑ 34/35 የሚል ብታይ እሱ የእጅጌው ርዝመት ነው። "ምን ቁጥር እንላክልህ?" ሲሉህ "ላርጅ" አትበል። የአንገትህን ልክ ንገራቸው። ላርጅ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ እጄ ላይ 41ም 43ም ሆኖ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ኮሌታው። ሁለት ክፍል አለው። አንገትን ዙሪያውን የሚይዘውን ቀጥ ያለ ክፍል እኛ ቤት አንገትጌ እንለዋለን፤ የሚታጠፈውን ደግሞ ቅጠል። ሰዎች የሚያዩት ቅጠሉን ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን አንገትጌው ነው። አንገትህ ረጅም ከሆነ አንገትጌው ከፍ ይበል፤ ከኋላ በኩል አራት ሳንቲ ሜትር እደርሳለሁ። አንገትህ አጭር ከሆነ ሦስት ይበቃል። አጭር አንገት ላይ ከፍ ያለ አንገትጌ ስታደርግ ሰውየው ትከሻውን የሰበቀ ይመስላል። ኮት ስትደርብ የሸሚዙ ኮሌታ ከኮቱ ኮሌታ በላይ በኋላ በኩል አንድ ወይም አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ብቅ ማለት አለበት። ምንም ካልታየ አንገትጌው አጥሯል፣ ወይም ኮቱ ወደ ላይ ሸሽቷል።

ቅጠሉ ላይ ዋናው ነገር በሁለቱ ጫፎች መሀል ያለው ርቀት ነው። ቁልፉን ቆልፈህ ለካው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተራው ኮሌታ ነው፤ ጫፎቹ ወደ ታች ያመለክታሉ። ፊቱ ክብ ለሆነና ሞላ ላለ ሰው ይስማማል፤ ዓይንን ወደ ታች እየሳበ ፊትን ረዘም ያደርጋል። የሚፈልገው ትንሽ ቋጠሮ ነው። ከረባቱን አንድ ዙር አዙረህ የምታስረው ቀላሉ ቋጠሮ ይበቃዋል።

ከ13 በላይ ከሆነ ሰፊው፣ የተከፈተው ኮሌታ ነው። አንዳንዱ ጫፉ ወደ ኋላ እስከ መሸሽ ይደርሳል። ይኼ ለረጅምና ለቀጭን ፊት ነው። ቋጠሮውም ሞላ ያለ መሆን አለበት። ዊንድሰር የሚባለው ትልቅ ቋጠሮ የሚያምርበት እዚህ ላይ ነው። ስሙ የተወሰደለት የእንግሊዙ መስፍን ራሱ ያንን ቋጠሮ አያስርም ነበር፤ ገበሩ ወፍራም የሆነ ከረባት አሰፍቶ ቀላሉን ቋጠሮ ነበር የሚያስረው። እኔም ለደንበኞቼ ይህንኑ እመክራለሁ። ወፈር ያለ ከረባት ካለህ እጅህ ከለመደው ቋጠሮ ሳትወጣ ሰፊውን ኮሌታ ትሞላዋለህ።

ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጊዜ አምስት ሚዜዎች ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው መጡ። አንድ ዓይነት ሸሚዝ ገዝተዋል፤ ኮሌታው ወደ ኋላ የሚሸሸው ሰፊው ነው። ከረባቱ ግን ቀጭን፣ ቋጠሮው የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል። ከቋጠሮው ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ ቀርቶ አንገት ላይ የሚዞረው የከረባቱ ክፍል ይታያል። ዕድሜ ልክ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ሊነሱበት ነው! በሁለት ቀን አምስት ኮሌታ መቀየር ስላልቻልኩ ከረባቱን አስቀየርኳቸው። ወፈር ያለ ገዝተው መጡና እያንዳንዳቸውን አሰርኩላቸው። ሦስቱ ላይ አማረ። ሁለቱ ግን አንገታቸው አጭር፣ ፊታቸው ሰፊ ነበር፤ እነሱ ላይ ኮሌታው ፊታቸውን ይበልጥ አሰፋው። አሁንም ይቆጨኛል። ለሚዜ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ማድረግ ያምራል፤ ግን የሁሉንም አንገት አይተህ መሀለኛውን ምረጥ።

መሀለኛው ማለት በጫፎቹ መካከል ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነው ነው። አንድ ነጭ ሸሚዝ ብቻ የሚኖረው ሰው ይኼን ይያዝ። ለምረቃ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶም ቢሆን አያሳፍርም። ከረባት ቢኖርም ባይኖርም ይቆማል። ኮት ስትደርብበት የቅጠሉ ጫፎች ከኮቱ ኮሌታ ሥር መግባታቸውን አረጋግጥ። ጫፎቹ ኮቱ ላይ ከወጡ ቅጠሉ አጥሯል።

ከዚያ ባለ ቁልፉ አለ፤ ጫፎቹ ደረት ላይ በትንንሽ ቁልፍ የሚያዙት። መነሻው ስፖርት ነው። እንግሊዝ አገር ፈረስ ላይ ሆነው ፖሎ የሚጫወቱ ሰዎች ኮሌታቸው በነፋስ ፊታቸውን እንዳይመታቸው በቁልፍ ያሲዙት ነበር ይባላል። ብሩክስ ብራዘርስ የሚባለው የኒውዮርክ የልብስ ድርጅት ይህን አይቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ለገበያ አወጣው። ስለዚህ ይኼ የሥራና የዘወትር ሸሚዝ እንጂ የሠርግ አይደለም። ውበቱ ቅጠሉ ከአንገትጌው እስከ ቁልፉ ድረስ ለስለስ ብሎ ሲያብጥ ነው። ብዙ የፋብሪካ ሸሚዝ ላይ ቁልፎቹ ከሚገባው በላይ ወደ ታች ይተከሉና ቅጠሉ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቁልፎቹን ፍታና ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ አድርገህ ስፋቸው፤ ሰፈርህ ያለ ልብስ ሰፊ በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል። ቁልፎቹንም ሁልጊዜ ቆልፋቸው።

ቅጠል የሌለው፣ አንገትጌው ብቻ የቆመው ኮሌታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እጀ ጠባብ ለብሰው ያደጉ አባቶች ያውቁታል፤ ዛሬም ሽሮ ሜዳ ሄደህ የአገር ልብስ ስታሰፋ ጥለቱ ወይም ጥልፉ አንገትጌው ላይ ዞሮ ደረት ላይ ይወርዳል። ከረባት ፈጽሞ አይፈልግም። ለበዓል ከሆነ እስከ ላይ ቆልፈው። ሲሰፋልህ አገጭህን ዝቅ አድርገህ ሞክረው፤ ጠርዙ ከነካህ ቁመቱን አስቀንስ። ነጠላ ለምታጣፋበት ቀን ከሁሉም የምመርጠው ይኼን ነው፤ ነጠላው የሚቆለምመው ጫፍ የለውማ።

ጫፉ እንደ ክንፍ የሚቆመው ለቢራቢሮ ከረባት ነው፤ ክንፎቹ ከቢራቢሮው ኋላ ይሁኑ፤ በተራ ከረባት አትልበሰው። ጫፉ የከበበው ደግሞ የእንግሊዙ የኢተን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ኮሌታ ነበር። ቀጭን ፊት ላይ ደስ ይላል፤ ክብ ፊት ላይ አልመክረውም።

ከረባት ሳታስር ኮት የምትለብስ ከሆነ አንድ ቁልፍ ብቻ ክፈት። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ቁልፍ የተተከለበት ቦታ ነው። ወደ ታች ከወረደ ደረትህ ይገለጣል፤ ወደ ላይ ከወጣ አንዱን ብትከፍትም ያፈነ ይመስላል። እኔ ከላይኛው ቁልፍ ስድስት ተኩል ሳንቲ ሜትር አወርደዋለሁ። ኮሌታህ ኮቱ ሥር እየተኛ ካስቸገረህ ደግሞ ቅጠሉን ገልብጠህ እይ። ከሥሩ በጫፎቹ በኩል ቀጭን ኪስ ካለው ማቆሚያ ፕላስቲክ ይገባበታል። ከጠፋብህ የሲም ካርድ ማቀፊያውን ፕላስቲክ አትጣለው። አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ በኪሱ ልክ ርዝመት ቁረጥና አንዱን ጫፍ አሹለው። ከማጠብህና ከመተኮስህ በፊት ግን አውጣው፤ ካውያ ሲያገኘው ቅርጹ ኮሌታው ላይ ታትሞ ይቀራል።

ኮሌታ ከሸሚዙ ቀድሞ ይቆሽሻል። ትሮይ በምትባል የኒውዮርክ ግዛት ከተማ ሃና ሞንታግ የምትባል ሴት በ1827 የባሏን ሸሚዝ ኮሌታ ቆርጣ ለብቻው አጥባ መልሳ ሰፋችው ይባላል። ያቺ ከተማ ከዚያ በኋላ የኮሌታ ፋብሪካ ከተማ ሆነች። ከጠዋት እስከ ማታ ነጭ ሸሚዝ የሚያጥብ ሰው ልቧን ያውቀዋል።

አንተ መቁረጥ አያስፈልግህም። ኮሌታውን አርጥበህ የልብስ ሳሙና ቀባውና ግማሽ ሰዓት ተወው። ከዚያ ጨርቁን በጨርቁ እሽ። በብሩሽ አትፈትገው፤ እጥፋቱ ላይ ያለውን ክር ይበላዋል። በረኪና አታድርግበት፤ ላብ ያለበትን ቦታ ይብሱን ቢጫ ያደርገዋል፣ ጨርቁንም ያሳሳዋል። ስትተኩስ ከኮሌታው ጀምር። መጀመሪያ ውስጡን፣ ቀጥሎ ላዩን። ካውያውን ሁልጊዜ ከጫፍ ወደ መሀል ንዳው። ከመሀል ወደ ጫፍ ከነዳኸው ጨርቁ ተገፍቶ ጫፉ ላይ ይሸበሸባል። እጥፋቱን በካውያ አትጫነው፤ በእጅህ አጥፈህ ልበሰው።

ቅጠሉ ላይ እንደ አረፋ ያለ ነገር ብቅ ካለ ውስጡ ያለው የተጣበቀ ገበር ለቋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚለቀው በጣም በጋለ ካውያ ነው። እሱን መልሶ ማስተካከል አይቻልም፤ ኮሌታው ይቀየራል።

እጥፋቱ ላይ ብቻ ከተበላ ግን ሸሚዙን አትጣል። አባቴ በቀን ሦስትና አራት ኮሌታ ይገለብጥ ነበር። ቅጠሉን ከአንገትጌው ላይ ትፈታዋለህ፣ ትገለብጠዋለህ፣ መልሰህ እዚያው ትሰፋዋለህ። የተበላው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጺምና ላብ ያልነካው ወደ ውጭ ይወጣል። የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለማቆሚያው ፕላስቲክ ኪስ ያለው ኮሌታ ከሆነ አይገለበጥም፤ ኪሱ ላይ ላዩን ይታያል። ለዚህ ነው ስታሰፋ ከዚያው ጨርቅ ቁራጭ ለምነህ ቤትህ አስቀምጥ የምለው። ሁለተኛ ኮሌታ የሚወጣው ከእሱ ነው። ቁራጩን ከሸሚዙ ጋር አብረህ እጠበው፤ አለዚያ ኮሌታው አዲስ፣ ሸሚዙ የደበዘዘ ይሆንብሃል።