የዓሣ ኩሬ ውስጥ ኤሊ ለማስገባት ላሰባችሁ

ግቢያችሁ ውስጥ የዓሣ ኩሬ አለ፤ ኤሊም ልትጨምሩበት አስባችኋል። ይቻላል። ግን ከወዲሁ እንግባባ፤ ኤሊ ከገባች በኋላ ኩሬው የእሷ ነው፣ ዓሦቹ ደባል ናቸው። አጥሩም፣ ማጣሪያውም፣ የዓሣ ምርጫውም በእሷ ልክ ካልሆነ ማን ማንን እንደበላ ስታጣሩ ትከርማላችሁ።

መጀመሪያ ዓይነቷን ለዩ። የየብስ ኤሊ ዋና አታውቅም፤ ኩሬ ውስጥ ከወደቀች ትሰምጣለች። ጀርባዋ ጉብ ያለ፣ እግሯ ደንዳና ከሆነ እሷ ናትና ከኩሬው አርቋት። የውሃዋ ኤሊ ጀርባዋ ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ በጣቶቿ መሃልም ስስ ቆዳ አላት። በብዛት የምትሸጠው ከዓይኗ ኋላ ቀይ ሰረዝ ያላት ናት። ስትገዟት መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ስታድግ ግን ሴቷ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ልትደርስ ትችላለች፣ በደንብ ከተያዘችም 30 ዓመት መኖር አያቅታትም። ለልጆች ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት፣ ልጆቹ ጎጆ ሲወጡ ኤሊዋ እናንተው ጋር ትቀራለች። መንጋጋዋ ኃይለኛ የሆነችውን ነካሽ ኤሊና ቅርፊቷ ለስላሳ የሆነችውን ከዓሣ ጋር ማኖር ግን አይሞከርም። ገና 10 ሴንቲ ሜትር ያልሞላችውንም ውጭ አታኑሯት፤ ወፍ፣ ድመትና አይጥ አሉ።

አሁን ወደ አጥሩ። ሰው የሚንቀው ይሄንን ነው። ኤሊ ቀርፋፋ ናት የሚባለውን እርሱት፤ ትወጣለች፣ ትቆፍራለች፣ ዞር ስትሉ የለችም። አጥሩ ከመሬት በላይ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ከመሬት በታችም ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይቀበር። የሽቦ ወንፊት ለጥፍሯ መያዣ ስለሚሆናት ትወጣበታለች፤ ልሙጥ ጣውላ ወይም ብሎኬት ይሻላል። ማዕዘኖቹን በተለይ ልብ በሉ። ማዕዘን ስታገኝ ሁለቱን ግድግዳዎች በግራና በቀኝ እግሮቿ እየገፋች ቀስ በቀስ ራሷን ወደ ላይ ታነሳለች። እዚያ ላይ ወደ ውስጥ ወጣ ያለ ጣውላ ከመታችሁበት ጭንቅላቷ ሲነካው ትመለሳለች።

ሴቷ ለማምለጥ የምትታገለው ብዙ ጊዜ እንቁላል የምትጥልበት ቦታ ፍለጋ ነው። ወንድ ባይኖርም እንቁላል ትይዛለች። አጥሩ ውስጥ ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ ላይ አሸዋ የተቀላቀለበት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው አፈር አዘጋጁላት። ቦታ አጥታ እንቁላሉን ይዛ ከቆየች ሊገድላት ይችላል።

ፀሐይ የምትሞቅበት ነገርም ግድ ነው። አንድ ጫፉ ውሃ ውስጥ የገባ፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ ደረቅ የሆነ ሻካራ ግንድ ይበቃል። አንገቷንና የኋላ እግሮቿን ዘርግታ፣ ጣቶቿን ፈርከክ አድርጋ ከተኛች ቦታው ተመችቷታል ማለት ነው። ከፀሐይ የምታገኘው አልትራቫዮሌት ጨረር ቫይታሚን ዲ3 እንድትሠራ ያደርጋታል፤ ያለሱ ካልሲየም በደንብ ስለማይዋሃዳት ቅርፊቷ ይለሰልሳል። ከኩሬው የተወሰነው ክፍል ግን ጥላ ይኑረው።

ኤሊ ውሃ ታቆሽሻለች፣ በጣም። ለኩሬያችሁ መጠን ይበቃል ከተባለው ማጣሪያ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ አቅም ያለውን ግዙ። ከኩስዋ የሚወጣው መርዛማ አሞኒያ ሲጠራቀም ቀድመው የሚያልቁት ዓሦቹ ናቸው። የፓምፑን መሳቢያ በወንፊት ሸፍኑት፣ አለዚያ ኤሊዋ ተስባ ልትያዝና ልትሰምጥ ትችላለች። የቧንቧ ውሃ ስትጨምሩ ክሎሪኑን የሚያጠፋውን ፈሳሽ አትርሱ።

ዓሣን በተመለከተ፣ ትንንሾቹ ምሳ ናቸው፣ አንሸዋወድ። ክንፉ ረጅምና ተንጠልጣይ የሆነ ጎልድፊሽም ቀርፋፋ ስለሆነ ክንፉ ይቀነጠሳል። ኮይ የሚባለው የጌጥ ዓሣ ትልቅና ፈጣን ከሆነ የተሻለ ዕድል አለው፤ እሱም ቢሆን ሌሊት ሲያርፍ ሊነከስ ይችላል። መደበቂያ የሚሆን ጥልቅ ቦታ አብጁለት። ያማሩ የውሃ አበቦቻችሁን ግን ተሰናበቷቸው።

ያደገች ኤሊ በብዛት የምትፈልገው ቅጠላ ቅጠል ነው፤ የኤሊ መኖ በየሁለት ቀኑ በቂ ነው፣ አልፎ አልፎ የመሬት ትል ጣል ማድረግ ይቻላል። ዓይኗ ካበጠ የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊሆን ይችላል። ወደ አንድ ጎን አጋድላ ከዋኘች ሳንባዋ ታሞ ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋር ውሰዷት። ውሃው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከቀዘቀዘ አትመግቧት፤ ምግቡ ሳይፈጭ ሆዷ ውስጥ ይበሰብሳል። ውሃ በብርድ በረዶ በሚሆንበት አገር ካላችሁ ኩሬው ጠለቅ ይበል፣ ከበረዶውም ላይ ሁሌ ክፍት ቦታ ይኑር፤ ብርድ የማትችል ዝርያ ከሆነች ወደ ቤት አስገቧት።

ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የተባለ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። አሜሪካ በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ኤሊዎችን ለቤት እንስሳነት መሸጥ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ ይከቷቸው ነበር።

ከሰለቸቻችሁ ደግሞ የሚወስዳት ሰው ፈልጉ እንጂ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ እንዳትለቋት። ባለ ቀይ ሰረዟ በብዙ አገሮች እንዲህ ተለቅቃ የአገሬውን ኤሊዎች ከምግባቸውና ከመሞቂያቸው እየገፋች ነው።