«አርባዎቹ የፍቅር ሕጎች»ን በራሳችሁ ዓይን ለማንበብ

የቱርካዊቷን የኤሊፍ ሻፋክን ልብ ወለድ ጓደኛዬ ስታውሰኝ «ስትጨርሺው ሌላ ሰው ትሆኛለሽ» አለችኝ። በሐምሌ ዝናብ፣ ጅማ ቤቴ በረንዳ ላይ በርጩማዬን አውጥቼ አነበብኩት። ግማሹን ወደድኩት። ግማሹ አልዋጥልኝ አለ። ሁለተኛ ስመለስበት ነው የገባኝ። እናንተም ልትጀምሩት ከሆነ እንዲህ ሞክሩ።

መጽሐፉ ሁለት ታሪክ ነው። በአንዱ ኤላ አለች፤ አርባ ሊሞላት የተቃረበ፣ ባለትዳር አሜሪካዊት። የአንድ ልብ ወለድ ረቂቅ እንድታነብ ይሰጣታል፣ ከደራሲው ጋርም በኢሜይል ትጻጻፋለች። ረቂቁ ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ የዛሬዋ ቱርክ ውስጥ ባለችው ኮኒያ ከተማ ስለነበሩት ስለ ሱፊው ባለቅኔ ሩሚና ስለ መንፈሳዊ ወዳጁ፣ ስለ ተንከራታቹ ደርቪሽ ሸምስ ነው። ቁራጭ ወረቀት አዘጋጁና የነካችሁ ገጽ ላይ ሰኩ። (የሰው መጽሐፍ ላይ አይጻፍም።) የኔ ወረቀቶች ከሞላ ጎደል ኮኒያ ላይ ናቸው። እዚያ ለማኙም፣ ሰካራሙም፣ ገዳዩም በየተራ በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ። ኤላ ግን ታሳዝነኛለች። ባሏ እንደሚማግጥ እያወቀች ዓመታት ዝም ብላለች። ያ ዝምታ ብዙ ገጽ ይገባው ነበር፤ ደራሲዋ ቶሎ ወደ አዲሱ ፍቅር አሻገረቻት።

ሸምስ በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገራቸውን አርባ ሕጎች ለብቻ እየነጠላችሁ አትገልብጡ። «ሸምስ እንዳለው» እየተባሉ በቴሌግራም ይዞራሉ፤ ያዋቀረቻቸው ግን ደራሲዋ ናት። አንዱ ሕግ ልባችሁን ሲነካው ወደኋላ ገልጡ። ለማን ተነገረ? ያ ሰው ምን ደርሶበት ነበር? የበረሃ ጽጌረዳ የምትባለው ሴተኛ አዳሪ የሩሚን ስብከት ለመስማት ወንድ መስላ መስጊድ ትገባለች። ሰው አውቋት ሲያዋክባት ሸምስ ይደርስላታል። ይህን ትዕይንት ይዛችሁ ስታነቡ የሸምስ ቃል ክብደት ያገኛል። ተነጥሎ ሲለጠፍ ግን የግድግዳ ጥቅስ ነው።

ኪምያን ደግሞ እባካችሁ አትለፏት። ሩሚ ቤት ያደገች ልጅ ናት። ሸምስን ወዳ ታገባዋለች፣ እሱ ግን አይቀርባትም። ታማ ትሞታለች። ስለ ፍቅር አርባ ሕግ ያለው ሰው አጠገቡ የምትጠወልገውን ልጅ እንዴት አላያትም? መጽሐፉ ይህን ጥያቄ በሚገባ የመለሰ አልመሰለኝም። እዚህ ገጽ ላይ ስትደርሱ አቁሙና ለሌላ ሰው አውሩት። እኔ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። ዚክር እየሰሙ ያደጉ ትልቅ እናት ናቸው። ሁለተኛው ስኒ ላይ ነበርን፤ ጀበናውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ለአላህ የቀረበ ሰው ከሚስቱ ይርቃል?» አሉኝ። እስከ በረካው ድረስ ሌላ ወሬ አላነሳንም።

መጽሐፉን ስመልስ ወረቀቶቹን አላወጣኋቸውም። ጓደኛዬ አሁን ከኪምያ ገጾች ጀምራ እንደገና እያነበበችው ነው።